ስለ ፈረሴ ትክክለኛ አድራሻ

ለተከበራችሁ የሶዶና አካባቢዋ የደብዳቤ ቼዝ ውድድር ኮሚቴ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእናንተ፣ ለቤተሰቦቻችሁ፣ እንዲሁም ለጸሐፊያችሁ ለአቶ ሚልክያስ ኮምፒውተር ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ ውጤት በምትለጥፉበት ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት፣ ስሜን በቀይ እስክሪብቶ የሰረዛችሁት እዚያው ስለሆነ አንባቢ ሌላ ቦታ ፍለጋ እንዳይደክም ብዬ ነው።

ለማያውቁኝ፣ እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ በአክስቴ በትርፌ የልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ የምተክል ልጅ ነኝ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። የደብዳቤ ቼዝን የወደድሁትም ለዚህ ነው፤ እርምጃዬን በወረቀት ጽፌ ወደ በዴሳ በሚሄድ ሚኒባስ እልካለሁ፣ ተጋጣሚዬ አቶ ሚልክያስም እዚያው በዴሳ ሆነው ይመልሳሉ፣ ማንም ፊቴን አያይም። አምስት ወር ተጫውተን አሸነፍሁ። እናንተ ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ድሌን ሰርዛችሁ ከመጨረሻው ዙር አስወጣችሁኝ። ስለ ቅልጥፍናችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬም የሚከተለው ነው፤

1. የደንባችሁ አንቀጽ ስድስት ተጫዋች በኮምፒውተር እየመረመረ እንዲጫወት ይፈቅዳል። አቶ ሚልክያስ ተጠቅመውበታል፤ መብታቸው ነው። እኔ ግን ቅጹ ላይ "የተጠቀሙበት ፕሮግራም" በሚለው ቦታ "ደብተር" ብዬ በመሙላቴ መረጃ በመደበቅ ተከሰስሁ። ደብተሩን ይዤ ስመጣም ገልብጣችሁ ጀርባውን ስለመረመራችሁልኝ አመሰግናለሁ። ባትሪ አልነበረውም።

2. ሃያ ሁለተኛው እርምጃዬ ዘጠኝ ቀን መፍጀቱ "ኃይለኛ ማሽን ለረጅም ጊዜ መሥራቱን ያመለክታል" ብላችኋል። ዝናብ መንገዱን ስላበላሸው ወረቀቱ ስምንቱን ቀን መናኸሪያ ቁጭ ብሎ ነበር። እኔ ያሰብሁት አንዱን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም የሚዜዎች ቀሚስ ላይ ቁልፍ እየተከልሁ።

3. በየአሥር እርምጃው ሁለታችንም የቼዝ ሰሌዳውን አቀማመጥ በወረቀት ገልብጠን እንድንለዋወጥ ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ጥሩ ደንብ ነው። በሃያኛው እርምጃ አቶ ሚልክያስ በላኩልኝ ግልባጭ ላይ መሃል የቆመው ፈረሴ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ለኮምፒውተሩም የነገሩት እንደዚያው እንደሆነ ገመትሁ። እኔም በሚቀጥለው ወረቀቴ ዳር ላይ "ጋሼ፣ ፈረሴ ጠርዝ ላይ አይደለም፤ እባክዎ ደግመው ይዩት" ብዬ ጻፍሁ። እሳቸውም "ልጄ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም" ብለው መለሱልኝ። ወረቀቱ አሁንም ደብተሬ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ በሌለ ፈረስ ላይ እጅግ ጥበብ የተሞላበት መከላከል አደረገ፤ ያለው ፈረስ ግን ንግሥቱን ወሰደ።

እናንተም ያንን የዳር ማስታወሻዬን አንብባችሁ፣ የተጋጣሚዬን ኮምፒውተር ውስጡን ካላየሁ ይህን ላውቅ እንደማልችል ወሰናችሁ። እኔ በቅርብ ያየሁት ኮምፒውተር የሶዶውን ፎቶ ኮፒ ቤት ብቻ ነው፤ እሱንም ከባንኮኒው ወዲህ ሆኜ፣ ጀርባውን።

ንጹሕ መሆኔን ለማሳየት ቅዳሜ ያለ ደብተር፣ በአምስታችሁ ፊት፣ ከአቶ ሚልክያስ ጋር እንድጫወት አዛችኋል። የጥሪ ወረቀቱን ካነበብሁ በኋላ ሦስት ቀን የስፌት መኪናው ሥር ደብቄው ነበር። ካልመጣሁ ጥፋቴን እንዳመንሁ ይቆጠራል ይላል። እንግዲህ እመጣለሁ። እጄ ቁልፍ መትከል የለመደ ነው፤ ፈረስ ለማንሳትም አያንስም። ድምፅ የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁኝ።

ከቀዩ መስመር ሥር ሆና ረጅም ዕድሜ የምትመኝላችሁ፣
ህብረት ቶማ
ሶዶ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስሁት፦ ቅዳሜ ኮምፒውተሩም አብሮ ቢመጣ አልቃወምም፤ አንቀጽ ስድስት ይፈቅድለታል። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ጠጠሮቹን አቶ ሚልክያስ አይደርድሩ።