ያልወረደው ቁጥር

ሐሙስ፣ ግንቦት 16 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሐዋሳ

የሐይቁን ከፍታ የሚለካው መሣሪያ ጤነኛ ነው። የተበላሸው እኔ የጻፍኩለት ፕሮግራም ነው። ዛሬ ከሰዓት አረጋገጥኩ። ከርነሉ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮግራም፣ ከመሣሪያው ቁጥር የሚቀበለውን ካርድ ሜሞሪ እንደ ተራ ሜሞሪ እንዲያየው አድርጌ ኖሯል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ካርዱን በየጊዜው በመጠየቅ ፈንታ አንዴ ያነበበውን ቁጥር ይዞ ያንኑ ይመልስልኛል። አንዲት መስመር አስተካክዬ መልሼ ሳስነሳው ቁጥሩ ወዲያው ወረደ፤ ልክ አቶ ሐመሶ እንዳሉት።

አቶ ሐመሶ በየማለዳው ውሃው ዳር ወርደው ከፍታውን በዓይናቸው እያነበቡ ደብተር ላይ የሚመዘግቡልን ሰው ነበሩ። "ልጄ፣ ውሃው እየሸሸ ነው፤ ያንቺ ማሽን ግን አልሰማም" ይሉኝ ነበር። ለኃላፊያችን "ዓይናቸው ደክሟል፣ ማሽኑን እንመን" ያልኩት እኔ ነኝ። በወሩ ከሥራ ተሰናበቱ።

ከቢሮ ስወጣ በቀጥታ ቱላ ሄድኩ። እንሰታቸው መሃል ቆመው አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ልክ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው።

"ለኃላፊሽ ነገርሽው?"

"ገና አልነገርኩም።"

"እኔማ ድሮም አውቀው ነበር፣ ልጄ" አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ነገ ለኃላፊው የምለውን ለማሰናዳት ሞከርኩ። ስለ ሜሞሪው በልቤ በደንብ አስረዳሁ። በእኔ ቃል ከሥራ ወደተሰናበቱት ወደ አቶ ሐመሶ ስደርስ ግን ተመልሼ ከሜሞሪው ጀመርኩ።