ያላነሳሁት ክንድ

ሰኞ

ዛሬም ከሆስፒታል የተሰጠንን የእማዬን የስፖርት መከታተያ ወረቀት ሦስቱንም ሳጥን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሞላሁ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። አንዱንም አልሠራንም።

እማዬ ትከሻዋን ኦፕራሲዮን ከሆነች ዘጠነኛ ሳምንቷ ነው። ሐኪሙ ሪህ የበላውን የአጥንት ጫፍ አስተካክሎ ብረት አልብሶታል። ያኔ ያለኝን በቃሌ ይዤዋለሁ። "ሕመሙን እኔ አስታግስላታለሁ፤ እጇን ማንሳት ግን የእናንተ ሥራ ነው።" ሕመሙ እውነትም ለቀቃት። ዓመታት ተቀምጣ ስታነጋ የኖረች ሴት ዛሬ እንቅልፍ ትተኛለች። "የእናንተ" የተባለው ሥራ ግን የእኔ ነበር። በጀርባዋ አስተኝቼ፣ ክንዷን ይዤ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ራሷ መግፋት፤ አስር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር።

በሁለተኛው ሳምንት አለቀሰች። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እባክህ" አለችኝ። እማዬ ስታለቅስ የማውቀው በአባዬ ቀብር ብቻ ነው። ለቀቅኳት። "ነገ እንሠራለን" አልኩ። ነገም ሲመጣ "ነገ" አልኩ።

ማክሰኞ

የምሠራበት ካርጎ መጋዘን ዛሬ ለውጭ አገር በሚላክ አበባ ተጨናንቆ ዋለ፤ ወገቤ ተቆርጦ ነው የገባሁት። እትዬ ዘነቡ ከጎረቤት መጥተው እማዬን ያጎርሷታል። ቀኟ ከደረቷ አያልፍም፣ በግራ መብላት ደግሞ ነውር ነው። ሐኪሙ የክንዷን ማንገቻ አውልቁት ካለ ሰንብቷል፤ ጠያቂ በገባ ቁጥር ግን አዝኖ መልሶ ያስርላታል።

"ቁስል ይረፍ እንጂ ይጎተታል እንዴ?" አሉኝ እትዬ ዘነቡ።

ደስ አለኝ። ጥፋቴን የሚጋራኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። አፍሬ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ

ነገ ቀጠሮ ነው። የምፈራው፦
ራሄል፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ክንዷን ስትለካ።
እማዬ እውነቱን ብትናገር።
እማዬ እውነቱን ባትናገር።

እማዬ መጀመሪያ ኦፕራሲዮኑን አልፈልግም ብላ ነበር። "ከሕመሜ ጋር ተላምደናል፣ ተወኝ" ስትለኝ ክረምቱን ሙሉ የጨቀጨቅኳት እኔ ነኝ። ወተት ተሸክማ ታቋርጠው የነበረው የጎሮ ሜዳ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ሁሉ ነገር አዲስ በሚሆንበት ሰፈር የእናቴ ትከሻ ብቻ ለምን አሮጌ ይሆናል ብዬ ተሟገትኩ። ጎበዝ ተሟጋች ነኝ። ሥራው ላይ ነው የሌለሁት።

ሐሙስ

ራሄል ለካች። ወረቀቱን አየች። እንደገና ለካች። "እንዲህ ተሠርቶ?" አለችና ሐኪሙን ጠራችው።

"ራጁ ደህና ነው" አለ ሐኪሙ። "ስፖርቱም አንድ ቀን አልተዘለለም። እንግዲህ ራጅ ያላሳየን ችግር ይኖር ይሆናል። ከፍተን ማየት ሊያስፈልገን ነው።"

እማዬ "እግዜር ያለው ይሁን" አለች። ወደ እኔ ዞር አላለችም። እኔም አፌን አልከፈትኩም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን እያደር ከበደ። በገዛ እጄ የሞላሁት ወረቀት እናቴን ዳግም ቢላዋ ስር ሊያስገባት ነው።

ቤት ስንገባ "ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"በሰው ፊት ላዋርድህ?" አለችኝ።

እኔን ከምታዋርደኝ ልትቀደድ ተስማምታለች። 

ዓርብ

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ብቻዬን ሄድኩ። በመንገድ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። "ወረቀቱ ውሸት ነው። ሳንሠራ ነው የሞላሁት" አልኩ፤ በቃ።

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። የተቆጣችው ራሄል ናት። "እኔ እኮ ትናንት ሙሉ ቀን የት አጠፋሁ ስል ነው የዋልኩት!" አለችኝ። ከእማዬ ሌላ የበደልኩት ሰው እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። እውነቷን ነው።

መክፈቱ ይቆይ ተባለ። ስድስት ሳምንት፣ እውነተኛ ሥራ። ትከሻዋ ግን ደርቋል፤ ያለፈው ጊዜ ብዙ ነው።

"ምን ያህል ይመለስላታል?"

"አላውቅም" አለ ሐኪሙ።

ቅዳሜ

እትዬ ዘነቡን ከእንግዲህ እንዳያጎርሷት ለመንኳቸው። ተቀይመውኝ ሄዱ። ማንገቻውን ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኩት። ለእማዬ ትናንት የተናገርኩትን ነገርኳት፤ "አበጀህ" አለች።

አስተኛኋት። ራሄል እንዳሳየችኝ አንድ እጄን ክርኗ ስር፣ ሌላውን አንጓዋ ላይ አደረግኩ። በአራተኛው "ኢልማ ኮ" አለች። በስድስተኛው በኦሮምኛ ሰደበችኝ፤ አንዳንዱን ስድብ ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም። በሰባተኛው አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ግን አልለቀቅኳትም። ስምንት። ዘጠኝ። አስር።

ክንዷ ከሐሙሱ ልክ ያለፈ አልመሰለኝም። አልፎ ከሆነም በዓይን አይታይም። ቀስ አድርጌ ወደ ጎኗ መለስኩትና ጣሪያውን እያየሁ ቁጭ አልኩ። እናቴን አሠቃየኋት፣ ምንም ሳይገኝበት።

በግራ እጇ እንባዋን ጠረገች።

"የቀትሩ በስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ።

"ስድስት ሰዓት" አልኳት።

"እንዳትቀር" አለች።