የተላጠው ክር ማን አለው?

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ትናንት አልጋህ አጠገብ ቁጭ ብዬ «ፈርም፣ ምንም አትሆንም» ያልኩህን እርሳው። አፌ ነው የተናገረው። ሐኪሟ የአዲሱን መድኃኒት የስምምነት ወረቀት ትራስህ አጠገብ አስቀምጣ ስትወጣ ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ መንቀል አቅቶኝ ነበር። አንተ ደግሞ እንደ ልማድህ «ይቺ ጩጬ ተምራ ተምራ ፊቷን መደበቅ አልቻለችም!» ብለህ ሳቅክብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ፈርቼ ነው፤ አሁንም ፈርቻለሁ።

«እስቲ ዕድሜሽን የፈጀሽበትን ነገር በእኔ ቋንቋ ንገሪኝ» ብለኸኝ ነበር። በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቋንቋ ልሞክር። ዲኤንኤ እርስ በርሱ የተገመደ ሁለት ክር ነው። ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል ክሮቹ ይላቀቁና እያንዳንዳቸው ይገለበጣሉ፤ ሲበላሽም ለመጠገን መከፈት አለበት። ያኔ አንዱ ክር እንደ ተላጠ ሽቦ ብቻውን ይቀራል። ያገኘው ሁሉ ይቆርጠዋል፤ ወይም ራሱ ላይ ይጠመጠምና ሥራው ይቆማል። እኔ የማጠናቸው ፕሮቲኖች ናቸው የሚደርሱለት። ተደርድረው ይለብሱታል፣ ቀጥ አድርገው ይይዙታል፣ ጠጋኞቹን ይጠሩለታል፤ ሥራው ሲያልቅ ቦታውን ለቀው ይሄዳሉ። አንተ የተላጠ ሽቦ የምትጠቀልልበትን ናስትሮ ትለዋለህ፤ እኔ ግን እንዲህ ጊዜውን ጠብቆ በራሱ የሚላቀቅ ናስትሮ አይቼ አላውቅም።

አዲሱ መድኃኒት ይዞ ሥራ የሚያስፈታው እነዚህኑ ፕሮቲኖች ነው። የበሽታህ ሴሎች ያለ ዕረፍት ስለሚባዙ የተላጠ ክራቸው ብዙ ነው። መሸፈኛው ሲያልቅባቸው ክሩ ብጥስጥሱ ይወጣል፣ ሴሉም ይሞታል። ጤነኞቹ ግን ትርፍ ስላላቸው ይችሉታል ተብሎ ይታሰባል። ይቺ «ይታሰባል» የምትባል ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። በእንስሳት ላይ ሠርቷል፤ ከሰው ግን አንተ ከመጀመሪያዎቹ ነህ። ደምህን የሚሠራው መቅኒ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው ሐኪሟም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።

ቤተ ሙከራችን ውስጥ አንድ ልማድ አለን። ክሩንና ክር ቆራጩን በሁለት ቱቦ እናደርግና አንዱ ላይ ፕሮቲኑን እንጨምራለን፤ ሌላውን ለማነጻጸሪያ ሆን ብለን ያለ ፕሮቲን እንተወዋለን። በመጨረሻ በብርሃን ስናየው የመጀመሪያው ጥርት ያለ መስመር ይሰጣል። የሁለተኛው ክር ድራሹ ጠፍቷል። እኛም «ጥሩ ነው፣ ሠርቷል» ተባብለን ሁለተኛውን ቱቦ እንደፋዋለን። ስንት ዓመት ሙሉ ሳላየው ስደፋው ኖርኩ። ዛሬ ጠዋት ግን እጄ ላይ ይዤው ቀረሁ።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ? ድፊው እንጂ!» አለኝ የሥራ ባልደረባዬ።

«ቆይ፣ ቆይ አንዴ» እያልኩ አለቀስኩ። ምን ብዬ ላስረዳው? በዚያ ቱቦ ውስጥ የሆነውን በወንድሜ ሰውነት ውስጥ ሊያደርጉት ነው ልበለው?

ሌላ መንገድ እንደሌለ ታውቃለህ። የበፊቱ መድኃኒት መሥራት ካቆመ ሰንብቷል፤ ከሳምንት ሳምንት እየከሳህ ስትሄድ አያለሁ። ያም ያስፈራኛል። የቱን አብልጬ እንደምፈራ ጠፍቶኛል።

«አንቺ ብትሆኚ ትፈርሚ ነበር?» ስትለኝ ብርድ ልብስህን ማስተካከል ያዝኩ። መልሱ ይኸው። የተኛሁት እኔ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ እፈርም ነበር። የተማርኩት ሁሉ ፈርሚ ነው የሚለኝ። አንተ ስትሆን ግን ብዕሩን ከእጅህ ነጥቄ ልሮጥ ይቃጣኛል። ይኼ እውቀት አይደለም፤ አባታችን ካረፈ ወዲህ አንተ የሌለህበት ቤት ኖሬ አላውቅም፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ስለዚህ «እፈርም ነበር» ያልኩህን የመጀመሪያውን መልስ ስማ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ። አንተ ፈርም፤ መፍራቱን ለእኔ ተውልኝ።

ታናሽህ