ሰይድ ስላልሞተ

ማክሰኞ

ሜጋፎኑ ዛሬም ከዳኝ። «ሄልሜታችሁን…» ብዬ ሳልጨርስ ባትሪው አለቀና ቀሪውን በጉሮሮዬ ጮህኩት። ቃሊቲ አደባባይ ዳር ከቆሙት ሞተረኞች አንዱ፣ «ማዘር፣ ኧረ ተረጋጊ፣ ሰምተንሻል» አለኝ። መስማቱስ ሰምቷል፤ ሄልሜቱን ግን ክርኑ ላይ አንጠልጥሎታል። «አንጎልህ ክርንህ ውስጥ ነው እንዴ?» አልኩት። ሳቁ። እኔም መሳቄ አልቀረም፣ ግን ተናድጄ ነው።

የዛሬ ውሎዬ፦ ሄልሜት ጭንቅላቱ ላይ ያደረገ፣ ብዙ። ማሰሪያውን የቆለፈ፣ ሦስት ሰው። ከሦስቱም አንዱ ጀማሪ ነው፣ ገና አራዳ አልሆነም። ለምን አትቆልፉትም ብላቸው አንዱም በቅጡ አልመለሰልኝም።

ከዚያ ሰይድ ቤት። ጎረቤቴ ነው፣ በሞተር ዕቃ ያደርስ ነበር። ከወደቀ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ያልተቆለፈው ሄልሜቱ ተሽቀንጥሮ ሄዶ ጭንቅላቱ አስፋልቱን መታ። ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ሰው ካላገላበጠው ጀርባው ይቆስላል። ሚስቱ ዘይነባ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ፈቃዷን ጨርሳለች። «ሰኞ ካልገባሽ ሌላ ሰው እንቀጥራለን» ብለዋታል። እሷ ስትሄድ ቀን ቀን ማን አብሮት ይሁን? እናቱ ወሎ ናቸው፣ እሳቸውም ታመዋል። እኔ አንድ ሁለት ቀን ብሞክር ነው፤ ወገቤ ድሮ የሠራሁበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ቀርቷል፣ ትልቅ ሰው ማገላበጥ አልችልም። ዘይነባ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

ጋሽ ቱሉ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው የእድራችን ዳኛ፣ እኔ ጸሐፊ፤ አሥር ዓመት አብረን ሠርተናል። ጥያቄዬ ቀላል ነው። ለቅሶ ሲኖር አምስት አምስት ቤት ተረኛ እየሆነ ሦስት ቀን ሐዘንተኛውን ያገለግላል። ያንኑ ተራ ለሰይድ እናድርገው። በቀን አንድ ሰው ብቻ፣ ዘይነባ ከሥራ እስክትመለስ።

«ደንቡ የሚለው ለሞተ ነው፣ ብርቄ» አሉኝ።

«እንግዲያው ይሙትላችኋ!» አልኳቸው። አፌ ቀደመኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቆጡኝ ነበር። ዛሬ ግን የላማቸውን ገመድ ሊፈቱ ወደ ጓሮ ዞሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው እንግዲህ። ሰይድ ቢሞት ኖሮ ድንኳን እንተክል፣ ወንበር እናወጣ፣ ውሃ እንቀዳለት ነበር። አለመሞቱ ጥፋት ሆነበት። የወደቀ ሰሞን ብርቱካን ይዞ ያልመጣ አልነበረም፤ አሁን ደጃፉ ጭር ብሏል።

ሐሙስ

ወረዳ ዋልኩ። ሞተረኞቹን የማስተምረው በፈቃደኝነት ነው፤ ቢያንስ ባትሪ ስጡኝ አልኩ። ወጣቱ ባለሙያ በጣም ትሑት ነው። ባትሪ የለም፣ ባነር ግን እናሠራልዎታለን አለኝ። ባነሩ ላይ የኃላፊው ፎቶ ይኖራል። ፎቶው ላይ ሄልሜት ያደርጉ ይሆን ብዬ ልጠይቀው ነበር፣ ተውኩት።

ለእነ ዘይነባ የሚደርስ ድጋፍ ካለም ጠየቅኩ። «ማመልከቻ ይጻፉ» አለ። እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። አንብቦ ሲጨርስ፣ «የሚጽፈው የቤተሰብ አባል መሆን አለበት» አለኝ። ፊቱ ቀደድኩት። ቤት ስደርስ ቆጨኝ፤ ማመልከቻው ጥሩ ነበር፣ ዘይነባ ትገለብጠው ነበር። የእኔ ቁጣ መቼም ከእኔ በቀር የጎዳው የለም።

አርብ

ዘይነባ ገበያ ደርሳ እስክትመጣ ከሰይድ ጋር ተቀመጥኩ። ገንፎ ላጎርሰው ስል አፉን ገጠመ። ከእሷ እጅ ካልሆነ አይበላም። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ማንኪያውን እንደያዝኩ ወሬ ጀመርኩ። እንዴት እንደወደቀ ራሱን ጠይቄው አላውቅም። ሰው ሁሉ ፍጥነት ነው ሲል አምኜ፣ በሜጋፎንም ያንኑ ስለፈልፍ ከርሜያለሁ።

ፍጥነት አልነበረም። ሳሪስ አቦ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ፣ እዚሁ መታጠፊያችን ላይ ጋሽ ቱሉ ቆመው አያቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ እንዳለው ልጻፈው፤ «ተሸፍኜ… ሰላም ልበላቸው? ነውር ነው። በአንድ እጄ… ላወልቅ ስል… ጉድጓድ።»

ለካ የማይቆልፉት ለዚህ ነው! እዚህ ሰፈር በየአሥር እርምጃው ሽማግሌ አለ። ለእያንዳንዱ ራስን ገልጦ ጎንበስ ማለት አለ። ማን ሲቆልፍ ሲፈታ ይውላል? ይህን ያህል ጊዜ ስጮህባቸው ይህን አላወቅኩም።

እውነቱን ልጻፍ። አምና ይኸው ሰይድ ሄልሜቱን እንዳደረገ ሰላም ብሎኝ ሊያልፍ ሲል፣ «አሁንስ ናቅኸን!» ብዬዋለሁ። በማግስቱ አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ መረቅሁት። ዛሬ ማንኪያውን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁና አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ጋሽ ቱሉ ቤት ተመለስኩ። «ሰይድ ነገረኝ» ብቻ ነው ያልኳቸው። በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ከአስፋልቱ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ለማን ሲል እንደወደቀ ግን ለማንም አልተናገሩም። ሁለት ወር ሙሉ ያን ቤት ያልረገጡት፣ ደንብ ደንብ የሚሉትም ለካ ለዚህ ነው።

«በምን ዓይኔ ልየው፣ ብርቄ?» አሉኝ።

አዘንኩላቸው። ንዴቴ ግን በለጠ። «እሱ እርስዎን ሲያከብር ወደቀ፤ እርስዎ እሱን ለማየት ፈሩ» ብያቸው ወጣሁ። በዕድሜ አባቴ ናቸው። ለአባቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

እሑድ

የእድር ስብሰባ። ስለ ሰይድ እየተናገርኩ ቃለ ጉባኤም ልይዝ ሞከርኩ፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አንዱ ጎረምሳ ባለሱቅ ተነሥቶ፣ «ዛሬ ለሰይድ ካልን ነገ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ተረኛ ላኩልኝ ሊል ነው» አለ። ተጨበጨበለት! ሌላው፣ «ደንብ ማሻሻል ቀላል ነገር አይደለም፣ ይታሰብበት» አለ። ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ዘይነባ የምትፈለገው ነገ ጠዋት ነው፣ እኛ ለወር እንቀጥራለን። እስክሪብቶዬን ወረወርኩ፤ አንስቶ የሰጠኝም የለም።

ሰው ሊበተን ሲል ጋሽ ቱሉ ብድግ አሉ። «ሰይድ የወደቀው ለእኔ ሄልሜቱን ሲያወልቅ ነው» አሉ። ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጆቹ በክላክስ ሰላም ይበሉን። ራሱን የሚገልጥልኝን እኔ አልቀበለውም» አሉና ተቀመጡ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ውይ፣ እኔም እኮ እቆጣቸው ነበር» ስትል ተሰማ።

የሰው ፊት ተለወጠ እንጂ ውሳኔው ያው ነው። ነገ እኔው እገባለሁ፣ ወገቤ የሚሆነውን ይሁን።

ሰኞ

ገና ሳይነጋጋ ዘይነባ ቤት ስደርስ ጋሽ ቱሉ ቀድመውኛል። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ማንኳኳት አቅቷቸው ነው። እኔ አንኳኳሁ።

ሰይድ ሲያያቸው አለቀሰ፣ እሳቸውም አለቀሱ። እኔና ዘይነባ የምናይበት ጠፋን። በመጨረሻ ጋሽ ቱሉ፣ «በቃ፣ ልጅቷ ሥራ ረፈደባት» አሉ። ዘይነባ ሦስት ጊዜ ከበር ተመለሰች። መድኃኒቱ እዚህ ነው፣ ትራሱ እንዲህ ነው፣ እንቢ ካለ አያስገድዱት። ከዚያ ነጠላዋን እየሰበሰበች ሮጠች።

ገንፎውን ጋሽ ቱሉ አጎረሱት። ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ግማሹን ግን በላ! ሲያገላብጡት ደግሞ፣ «የወደቀ በሬ የሚነሣው እንዲህ ነው» ብለው አስተማሩኝ። «እኔ… በሬ ነኝ?» አለ ሰይድ። ከወደቀ ወዲህ ሲቀልድ ስሰማው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ዘይነባ አመሻሽ ላይ ተመለሰች። ሥራዋ አለ።

ጋሽ ቱሉ ሲወጡ፣ «ነገ ማን ነው?» አሉኝ። እኔ ነኝ፣ ለማገላበጡ ግን ብቅ ይበሉልኝ አልኳቸው። «ረቡዕስ?» አሉ። የጻፍኩትን የተረኞች ዝርዝር አሳየኋቸው። ከረቡዕ ጀምሮ ባዶ ነው። ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ወደ ቤታቸው ግን አልታጠፉም። የዚያን በስብሰባው የጉንፋን ነገር ያነሣውን ባለሱቅ በር ሲያንኳኩ ከደጄ ሆኜ አየሁ። ከፈተላቸው። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም።