ገና ያልተቀበለኝ ስንኝ

ይመርዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ጎሚስታ ቤቱን አሁን ወንድሜ ነው የሚያሠራው፤ ኮምፕረሰሩ እንዳንተ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። የማሲንቆህን ጭራ አስቀይሬ ከራስጌዬ ሰቅየዋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ወልድያው አዳራሽ ነው። ከመርሳ ወልድያ በሄድን ቁጥር፣ ሲሪንቃን ካለፍን ወሬህ ሁሉ እሱ ነበር። ገና ዓምዶቹ ብቻ ቆመው ሳለ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ተለጥፈህ፣ ጣሪያው ይመታና የእኔን አምባሰል እዚያ ትሰሚያለሽ ትለኝ ነበር። ጣሪያው ተመታ፣ ይመርዬ። የመርሳ ሰው ሁሉ ቢገባ ቦታ ይተርፋል፤ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠ እንኳ የጭራውን ፍትጊያ ይሰማል።

የምረቃው ቀን መድረኩ ላይ ማን ወጣ መሰለህ? ያ ጓደኛህ። ስሙን አልጠራውም፤ ባንተ ደብዳቤ ላይ ቦታ አልሰጠውም። ክረምቱን ሙሉ ቤታችን እየበላ፣ ስለ ሐራ ገበያ ያወጣሃትን ዜማ ካንተ ተማረ። የኪነት ቡድኑ መሪ ሲሆን ግን የጎማ ሽታ መድረክ ላይ አይሆንም ብሎ ከበር መለሰህ። አንተ እግዜር ያያል ብለህ ዝም አልክ። እኔ ዝም ያልኩት ላንተ ብዬ እንጂ አንጀቴ አልተወውም። አርባህ ላይ እንኳ ብቅ አላለም።

ያችኑ ዜማህን ዘፈነ። አስተዋዋቂው ግጥሙም ዜማውም የዘፋኙ የራሱ ነው አለ፤ ሰውም አጨበጨበለት። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ሕዝብ የሰጠውን ስንኝ ቃል በቃል መልሶ ሳያዜም መድረክ የሚለቅ የማሲንቆ ሰው እንደሌለ ካንተ ተምሬአለሁ። እስቲ ግጥም ስጡኝ ሲል ከፊት ወንበር ተነሣሁ። ሲያየኝ ፈገግታው ቀነሰ፤ ግን ያ ሁሉ ሰው እያየ የጓደኛውን ሚስት አስቀምጦ ሊያልፍ አይችልም። ማይኩን በገዛ እጁ አፌ ላይ አደረገልኝ።

«ዜማው የይመር ነው፣ ግጥሙም የይመር» አልኩት።

ለመታሰቢያህ መስሎት ተቀበለኝ፤ ደግሞ አሳምሮ። ስምህ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ከዚያ ሁለተኛውን ሰጠሁት።

«እኔ ምን አውቃለሁ ከመስረቅ በቀር።»

ማሲንቆውን መምታት አቆመ። ከኋላ የመርሳ ጎረቤቶቻችን «ተቀበል» አሉት፤ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ «ተቀበል» አለው። ላቡን ጠረገ፣ እጅ ነሣና በመጋረጃው በኩል ወጣ። ደስ አለኝ፣ ይመርዬ። ካንተ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የንስሐ አባታችን ይህን ሰምተው አዘኑብኝ፤ ይቅር በይው አሉኝ። ስንኙን ሲጨርስ ይቅር እለዋለሁ አልኳቸው።

እሱ እንደሆነ እንጀራው መድረክ ነው፤ በየበዓሉ እዚያው አዳራሽ መውጣቱ አይቀርም። እኔም ቀድሜ ሄጄ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። እኔ እንደማልረሳህ ታውቃለህ። እሱም እንዳይረሳህ፣ ግጥም ስጡኝ ባለ ቁጥር ያችኑ መስመር ይዤ እነሣለሁ።

ሚስትህ ዘነቡ፣
ከመርሳ