ስለ ሲሚንቶው ጉማሬ መቀመጫና ስለ ሥርጉት ድንጋይ

ለተከበሩ አቶ ባንተአምላክ
የወንዝ ዳር መዝናኛ አልሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዲላ

ጤናዎ እንደ አዲሱ አጥርዎ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም ከእኛ ከጎረቤቶችዎ የተሻለ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ የአክብሮት ሰላምታዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

የምጽፍልዎ በጣም ትንሽ ስለሆነ ጉዳይ ነው። ቱሪስት ፎቶ እንዲነሳበት ብለው በወንዙ ዳር ያቆሙት የሲሚንቶ ጉማሬ ፊቱን ወደ ካፍቴሪያዎ፣ መቀመጫውን ወደ ሰፈራችን አድርጎ ስለቆመ፣ በየማለዳው በሬን ስከፍት የሚቀበለኝ እሱ ነው። በዚህ ወንዝ ጉማሬ ታይቶ አያውቅም ብዬ አልከራከርዎትም፤ ብቻ ቢቻል ትንሽ ዞር ቢልልን።

ብዕር ካነሳሁ አይቀር ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችም አሉ።

፩. አምና ስለ ወንዝ ቱሪዝም ያለንን አመለካከት ሊጠይቁ የመጡ ዕለት፣ ቆጮ በቅቤ አቅርበንልዎት፣ ሽማግሌዎቻችንም ቆመው መርቀው ሸኝተውዎታል። ዛሬ በመግቢያዎ ላይ «ሽማግሌዎች የመረቁት ፕሮጀክት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ አየን። ለአገሩ አዲስ ስለሆኑ አይፈረድብዎትም እንጂ፣ እኛ ዘንድ ከቤት ገብቶ እህል የቀመሰን እንግዳ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። «እስቲ እንመካከርበታለን» ያልንዎት እምቢ ስንልዎት ነበር። ምርቃቱ ደግሞ ለመንገድዎ ነው፤ ዶሮዬን የገጨውን የባጃጅ ሹፌርም እንዲሁ መርቀን ነው የሸኘነው።

፪. የእህቴ ልጅ ሥርጉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድገው በወንዙ ዳር ባለው ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነበር። ድንጋዩ አሁን ከአጥርዎ ውስጥ ሆኖ «የፍቅረኞች መቀመጫ» ተብሏል። ወደ ወንዙ የምታልፍበት ትንሽ በር እንዲተዉላት ስትለምን፣ ዘበኛዎ ትኬት ቁረጪ አላት። ብትቆርጥም የልብስ ዘንቢል የቱሪስት ዓይን ያበላሻል ተብላ ተመለሰች። «አጎቴ፣ አንተ ዋና ባስተማርከኝ ወንዝ ለመግባት የማን ፍቅረኛ ልሁን?» ብትለኝ፣ መልሱን ከእርስዎ ጠይቄ እንደምነግራት ቃል ገብቼላታለሁ።

፫. ይኼኛው ስሞታ ሳይሆን ምስጋና ነው። በቅዳሜው የምረቃ በዓል ከአዲስ አበባ ለሚመጡት እንግዶችዎ «ያልተበረዘ የጌዴኦ ባህል» እንደሚያሳዩ በባነርዎ ላይ አንብበን እጅግ ተደስተናል። ቃልዎ እንዳይታጠፍ የሰፈራችን ሴቶች በሥርጉት መሪነት እንሰታቸውን ፍቀው የቀበሩባቸውን ጉድጓዶች በሙሉ የቆፈሩት ከአጥርዎ ሥር፣ በገዛ መሬታችን ላይ ነው። ቆጮው በሚገባ ተብላልቶ ደርሷል፤ የሚወጣውም ቅዳሜ፣ ሪባኑ በሚቆረጥበት ሰዓት፣ ከቡሌ ደጋ በኩል የሚወርደው ነፋስ ወደ ካፍቴሪያዎ በሚነፍስበት ጊዜ ይሆናል። ለእኛ የሚያስርብ ሽታ ነው፤ የእንግዶችዎን አፍንጫ ግን እርስዎ ያስለምዱልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ትናንት አንዱን ጉድጓድ ለሙከራ ከፍተነው ነበር። ውጤቱ ምን እንደሚመስል ለማወቅ በጉጉት…

እዚህ ላይ በሬ ስለተንኳኳ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ሥርጉት በመስኮት አየት አድርጋ የመጡት እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ፣ አፍንጫዎንም በመሀረብ እንደያዙ ነግራኛለች። ይመጣሉ ብዬ ከቶ አልጠበቅሁም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ላሳጥረው ነው። ይግቡ፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው። ቆጮ ይቀርብልዎታል። ስለ ጉድጓዶቹ የሚሉኝንም አንዲት ቃል ሳላቋርጥ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ ካዳመጥኩ በኋላ፣ እስቲ እንመካከርበታለን እልዎታለሁ።

አጥርዎን በየዕለቱ በአድናቆት የሚመለከተው፣
ከጉማሬው በስተኋላ ነዋሪ የሆነው ታዛዥዎ
አምሃ ጅግሶ

ግልባጭ፦
ለጉማሬው (በሚመቸው በኩል)

ማሳሰቢያ፦ ሲወጡ ሽማግሌዎቻችን እንደተለመደው ቆመው ይመርቁዎታል። እባክዎን ሌላ ሰሌዳ አያሠሩ። በዚያ ሰሌዳ ዋጋ ለሥርጉት አንድ በር ያሠሩላት፤ አለዚያ ለቅዳሜ እንግዶችዎ መሀረብ ይግዙበት።