ኩይትራ ያሉት ጊታር

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ዝናብ። ትናንት ሠርግ ነበረብን። ዛሬ ግራ እጄ የወይራ ዘይት ክዳን መክፈት አቃተው። ሚስቴ ኸይራ ተቀበለችኝና ከፈተችው፤ መልሳም ሳትከድነው ጠረጴዛው ላይ ተወችው። እንደገና እንዳልቸገር ነው።

ይኼን ሁሉ ዓመት በጊታሬ የሰው ሠርግ ሳደምቅ... አሁን ጣቶቼ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ በየተራ ይቀራሉ። ማቆም አለብኝ? ካቆምኩስ ምንድን ነኝ?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ከልምምድ በኋላ ሼኽ ቡዚያን አስቀረኝ። የሙዚቃ ማኅበራችን መሪ ነው፤ ከድሮ ስፔን ወደ እኛ የተሻገረውን የአንዳሉስን የጥንት ዜማ ያስተማረን እሱ ነው። ሰው ፊት ሊናገረኝ አልፈለገም። ሁሉም እስኪወጣ ጠበቀ። እዚያው ገባኝ።

ጊታሩ ላይ እየዘገየህ ነው አለ። ኩይትራ፣ ያቺን ትንሿን ዑድ፣ ብትይዝስ? አንገቷ ላይ ብረት የላትም፣ ክሯ ለስላሳ ነው፣ በላባ ነው የምትመታው። ከኋላ ተቀምጠህ አልፎ አልፎ ጣል ማድረግ ነው...

“ጡረታ ውጣ በለኝ እንጂ” አልኩት።

“ጡረታ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ወንበር ቀይር ነው ያልኩህ።”

ሲዲ ኤል ሁዋሪ ሰፈር ሐጃ ዙሊኻ የምትባል መበለት የባሏን ኩይትራ ትሸጣለች አሉ። ማኅበሩ ይገዛልሃል፣ ሄደህ እያት አለኝ። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ሄደው ጥለው ተመልሰዋል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው “ትርፉ ድካም ነው” ብቻ ነው ያሉት።

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ከኋላ ወንበር ይሻላል፣ ከቤት ከመዋል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

አራተኛ ፎቅ። ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆሜ ተነፈስኩ። ሐጃ ዙሊኻ ትንሽ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ዓሣ እንደሚመርጥ ሰው ከላይ እስከ ታች ያገላብጣል። ብዙ አላወሩም። ከአልጋቸው ሥር አሮጌ ሣጥን ጎትተው አወጡ። ሣጥኑ ከነበረበት አጠገብ ውሃ የሞላ ኩባያ ተቀምጧል። ለድመት መሰለኝ። ድመት ግን አላየሁም።

ሣጥኑን ከፈቱት። ጊታር።

ያ ሁሉ ደረጃ... እኛ አገር ብዙ አሮጊቶች ጊታሩንም ኩይትራ ነው የሚሉት። የኸይራ እናትም እንዲሁ ናት። ያ ነው ነገሩ። ሁለቱ ሰዎች ኩይትራ ብለው መጥተው ጊታር ሲያዩ ተናደው ወረዱ። እኔም ልወርድ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ተቀመጥኩ። ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር መስሎኝ ጊታሩን አነሣሁት።

ስለ ክብደቱ እንዴት ብዬ ልጻፍ? ባዶ ቅርጫት ያነሣሁ መሰለኝ። እጄ ለከባድ ተዘጋጅቶ ስለነበር ወደ አገጬ ተስፈነጠረ።

ያኔ በደንብ አየሁት። ጀርባውና ጎኑ ስስ፣ ቢጫ መሳይ እንጨት። አፍንጫዬን ቀዳዳው ላይ አስጠግቼ አሸተትኩ። የፈረንጅ ጥድ። መቃኛዎቹ እንደ ዑድ መቃኛ ከእንጨት የተጠረቡ ናቸው፤ አንድም ብረት የለም። እንዲህ መሥራት ከቀረ ስንት ዘመኑ። ጎኑ ላይ ስንጥቅ አለ፣ ግን ከውስጥ በትናንሽ ጠፍጣፋ እንጨቶች ተይዟል፤ ከውጭ በጣትህ ብትዳስሰው አይገኝም። ውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት ብል በልቶታል። የሠሪው ስም የለም፤ “አልሜሪያ” የምትል የስፔን ከተማ ስም ብቻ ተርፋለች። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። ቀጥ ያለ። ከቀዳዳው በታች ፊቱን ጥፍር በልቶታል። ይህን ለጌጥ የሰቀለው ሰው የለም፤ ተጫውተውበታል።

ክሮቹ ላልተው ነበር። ጊታር ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ እንዲህ ማላላት የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ባልየው ይሆናሉ፣ ከመሞታቸው በፊት። ቃኘሁት። ክሩ ያረጀ ስለሆነ እንዳይበጠስ ፈርቼ እስከ ልኩ አላጠበቅኩትም። አንድ አጭር ዜማ... ቀስ ብዬ።

ጣቴን አላመመኝም።

እንዳቀፍኩት ዋጋውን ጠየቅኩ። የአንድ ደህና ጫማ ዋጋ ጠሩልኝ። በኪሴ የነበረው የማኅበሩ ገንዘብ ነው፣ ያውም ለኩይትራ የተሰጠ። አስቤ እመለሳለሁ ብዬ ወረድኩ። ምኑን ነው የማስበው?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ቃዳ ሱቅ ሄድኩ። መሣሪያ ይጠግናል፣ ይሸጣል፤ የድሮ ወዳጄ ነው፣ ወዳጅነቱ ግን እስከ ገበያ በር ድረስ ነው። እንዲያው ለወሬ ያህል ብዬ ጠየቅኩት። ጥድ የሆነ ጀርባ፣ የእንጨት መቃኛ...

የያዘውን ሞረድ አስቀመጠ። ስፔኖቹ አገሩን ለቀው ሲሄዱ ጥለዋቸው የሄዱ ናቸው አለ፤ ዛሬ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች እያንዳንዱን በአንድ የቤት መኪና ዋጋ ይወስዱታል።

“የት አየኸው?”

“አንድ መጽሐፍ ላይ ነው።”

“አንተ? መጽሐፍ?”

ውሸት አልችልበትም። ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ከጁምዓ በኋላ ኩስኩስ። አልበላ አለኝ።

በጫማ ዋጋ ልግዛው? ሴትዮዋ ኩይትራ ከጊታር አይለዩም፣ ዋጋውን ከየት ያውቁታል። ልንገራቸው? ከነገርኳቸው ለቃዳ ዓይነቱ ይሸጡታል፣ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ በላባ ስቧጥጥ እኖራለሁ። ካልነገርኳቸው ደግሞ... አቅፌው በተጫወትኩ ቁጥር ፊታቸው ይመጣብኛል።

ይህን ያህል የፈለግኩት ነገር ከስንት ጊዜ ወዲህ ነው? ፍላጎትም ለካ ያደክማል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ኸይራ ዳቦ ቤት ቃዳን አገኘችው። “እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው፣ ስለ እጅህ አጥብቆ ጠየቀኝ” አለችኝ። ሌላስ ምን ጠየቀሽ? ሰሞኑን የት የት እንደምትሄድ። ሲዲ ኤል ሁዋሪ፣ ሐጃ ዙሊኻ ዘንድ ኩይትራ ሊያይ ሄዶ ነበር አልኩት አለች።

ምን ልበላት? እሷ ምን አጠፋች? የያዝኩት የራሴን ምላስ ብቻ ነበር፣ እሷን ለማንም አትንገሪ አላልኳት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ጠዋት ሄድኩ። የራሴን ገንዘብ ይዤ። መሮጥ አማረኝ እንጂ አልሮጥኩም፤ ይሄ ጉልበት አይሮጥም።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቃዳ እየወረደ አገኘሁት። እጁን አየሁ። ባዶ ነው። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

“አሮጊቷ ለይቶላቸዋል” አለኝ። ካሉት ዋጋ አሥር እጥፍ ልስጥዎ ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን የምሸጠው ኩይትራ ነው፣ ኩይትራ ነው ወይ የምትፈልገው ብለው ጠየቁት። አይ፣ ጊታሩን ነው ሲላቸው እንግዲያው ተሳስተህ ነው የመጣኸው ብለው በሩን ዘጉበት።

“አንተም አትልፋ” ብሎኝ ወረደ።

ወጣሁ። ሐጃ ከፈቱልኝ። ቁና ቁና እየተነፈስኩ፣ ገና ሳልቀመጥ ተናገርኩት። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

“ሐጃ፣ ይኼ ኩይትራ አይደለም። ጊታር ነው። ዋጋውም እርስዎ ካሉት እጅግ ይበልጣል።”

“መቼ ይነግረኝ ይሆን ስል ነበር” አሉ።

ውሸታቸውን መስሎኝ ነበር። አይደለም። ስፔናዊው ጎረቤታቸው ሊሄድ ሲል ጊታሩን ያስረከበው ለራሳቸው ለሐጃ ነው፣ በዚህችው በር ላይ። ከባላቸው ጋር በጊታሩ የተነሣ ስንት ዓመት ተናቁረዋል። “ጊታር ከኩይትራ የማልለይ መስሎህ ነው?”

ታዲያ ለምን ኩይትራ ይሉታል?

“ጊታር ብዬ ባስወራ ነጋዴ ነው በሬ ላይ የሚሰለፈው። ኩይትራ ካልኩ የሚመጣው ዜማ የሚያውቅ ነው። ሁለቱ መጡ፣ ሳይነኩት ሄዱ። ቁጭ ብሎ ያቀፈው አንተ ነህ።”

“እኔማ የተቀመጥኩት ደክሞኝ ነው።”

“የደከመውን ነው የምፈልገው።”

ከዚያ ነገሩኝ። ባላቸው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጣታቸው እንደ እኔው አብጦ ነበር። ጊታሩን አልተዉም፤ አንድ ድምፅ ሙሉ ዝቅ አድርገው ይቃኙት ነበር፣ ክሩ ለጣት እንዲራራ። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ክሩን ያላሉት ሐጃ ናቸው። የኩባያውም ውሃ የድመት አይደለም፤ እንጨቱ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ነው። እኔንም ረቡዕ ዕለት ጣቴን ያላመመኝ፣ ክሩ ይበጠሳል ብዬ ፈርቼ አላልቼ ስለቃኘሁት ነበር ለካ።

“ወደ ላይ አታጥብቀው” አሉኝ። “አደራ የምልህ ይህችን ብቻ ነው።”

ልጨምርላቸው ብል አልተቀበሉኝም። የጫማ ዋጋ። ሣጥኑን ይዤ ስወርድ አለቀስኩ። ደረጃው ላይ ማንም አልነበረም፣ ደግ ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ሼኽ ቡዚያን ሣጥኑን አየው።

“ኩይትራ ነው?”

“እንደዚያ ይሉታል።”

ከፈትኩት። ሁሉም ዙሪያውን ከበበ፣ አሸተተ፣ አንኳኳ፣ መቃኛውን ነካካ። ጀመርን። አልሆነም። እኔ አንድ ድምፅ ዝቅ ብያለሁ፣ እነሱ በልካቸው ናቸው። አጥብቀው አሉኝ። አላጠብቅም አልኩ። ለምን? አደራ አለብኝ። ቫዮሊን ተጫዋቹ ሳቀብኝ። ሼኹ አልሳቀም፤ የማኅበሩ የቅኝት ልክ ከአስተማሪዎቹ የተረከበው ነው፣ ለአንድ ጊታር አይወርድም አለ። ሣጥኑን ዘግቼ ቁጭ ብዬ አዳመጥኳቸው። ከኋላ ወንበር እንኳ አይደለም፤ ከግድግዳው ሥር።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

አልሄድኩም። ቤት ተጫወትኩ። ኸይራ አተር እየፈለፈለች ሰማችኝ። “ሰው ይጠየቃል እንጂ ይኮረፋል?” አለች።

ልክ ናት። ግን ማን ነው የሚጠይቀው? ሼኹን ዝቅ በልልኝ ማለት... አባትን ጎንበስ በል እንደማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ጠየቅኩት። ሰው ሁሉ ባለበት፣ ቆሜ። “ሼኽ፣ እጄ ወደ እናንተ መውጣት አቅቶታል። ለአንድ ዜማ ብቻ ወደ እኔ ውረዱልኝ። ካላማረ ነገ ላባዬን እይዛለሁ።”

ጊታሬን አየ፣ ሰዎቹን አየ። ከዚያ በእጁ “ዝቅ” የሚል ምልክት ሰጠ።

ዑዱ ወረደ፣ ቫዮሊኑ ወረደ፣ ጊታር መሳዩ ማንዶል ወረደ። ጭኑ ላይ ባለ ብዙ ክር ቃኑን ያጋደመው ሰው ያን ሁሉ ክር አንድ በአንድ ሲያላላ የእኔንም የአባቴንም ስም አነሣ። ሊጨርስ ሲል ሻያችን ቀዝቅዞ ነበር።

ሼኹ መዝፈን ጀመረ። እኔ ጣቴን እያየሁ ነበር፣ ቀና ያልኩት ድምፁን ስሰማ ነው። ከዜማው ድምፁ አልደርስ ብሎት ሁልጊዜ የሚያሳልበት ከፍ ያለ ቦታ አለ፣ ሁላችንም አላየንም ለማለት ወደ መሣሪያችን የምንደፋበት። ደረሰበት። አለፈው። ዓይኑን ጨፍኖ ደገመው፣ ከዚያም ሠለሰው። ዑድ የሚመታው ሽማግሌ ትከሻው ወርዶ መዝፈን ጀመረ፤ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም።

ሲያልቅ ማንም አልተነሣም። ሼኽ ቡዚያን ጉሮሮውን በመዳፉ ይዞ ተቀምጧል።

“እስከ ዛሬ እዚያ ላይ ማን ሰቀለን?” አለ።

ክሩን መልሶ ያጠበቀ ሰው የለም። ለካ ሁላችንም ደክሞን ኖሯል።